በማን መብራት

ሐሙስ፣ የካቲት 3

የእህቴ ባል ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አንዱን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከበበው። ሰኞ፣ መጋቢት 12። ሁለተኛው የስልክ መሸጫ ሱቁ የሚከፈትበት ቀን ነው። «ካሸሯ አንቺ ነሽ» አለኝ። አልጠየቀኝም፣ ነገረኝ። ክፋት የለበትም። ሥራ ካጣሁ ጀምሮ ቤቱ አስጠግቶኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። የሚያስቸግረውም ይኼ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት እንዴት ይቀለኝ ነበር!

እኔ የጨርቅ ቀለም ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት ይህንን ነው፤ በማዕረግ የተመረቅኩትም በዚሁ ነው። እስከ መጋቢት 12 በሙያዬ ሥራ ካላገኘሁ ካሸሩ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንዴ ከተቀመጥኩ ደግሞ እንደማልነሳ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 7

የሥራ አውደ ርዕይ አለ! ቅዳሜ፣ መጋቢት 3፣ ትልቁ አዳራሽ። አርባ ምናምን ድርጅት ይመጣል። ዝርዝሩን ሁለቴ አነበብኩት። ጨርቅ የሚያቀልሙ ሦስት ናቸው። አንደኛው የድሮ ፋብሪካዬ ነው።

እዚያ ጠረጴዛ አልሄድም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8፣ ማታ

ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችን ባንክ ውስጥ ሰው ስትቀጥር ነው የምትውለው። «ቀጣሪዋ» እንላታለን። እህቴ ለምናት ኖሮ ማምሻውን ልታለማምደኝ ወረደች።

«አውደ ርዕይ ገበያ ነው» አለችኝ። «ሁሉም ያወራል፣ ማንም አይሰማም። ያለሽ አንድ ደቂቃ ነው። ማን ነሽ፣ ምን ትችያለሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ። በይ እኔ ፋብሪካ ነኝ። ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ትምህርቴን ተናገርኩ፣ የሠራሁበትን ተናገርኩ። ከዚያ ለምን እንደወጣሁ መጣ። የሆስፒታል ደንብ ልብስ ጨርቅ እያቀለምን ሳለ፣ ቀለም በምናመሳክርበት የመብራት ሳጥን ውስጥ የቀን ብርሃን የሚሰጠው አምፖል መቃጠሉን ነገርኳት። ይቀየር ብዬ ደጋግሜ መጠየቄን ነገርኳት። የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ፣ እሱ ሳይደርስ ሽታው ስለሚደርስ ሁላችንም «ሽቶው» የምንለው ሰውዬ፣ «አምፖል አምፖል አትበይብኝ፤ የእኔ ቢሮ መብራት ምን ሆነ?» አለኝ። የኮቱንና የሱሪውን ጨርቅ ቢሮው ወስዶ አስተያየና «አንድ ናቸው» ብሎ አሳለፈ። ተሰፍቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ኮቱ ሌላ ሰማያዊ፣ ሱሪው ሌላ ሰማያዊ። ሁሉም ተመለሰ። ያን ጊዜ ሽቶው በስብሰባ መሃል ጣቱን ቀስሮ «የዚች ልጅ ዓይን ቀለም አይለይም» አለ። በሳምንቱ ተባረርኩ። ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጡት እንዴት አንገታቸውን እንደደፉ መናገር ስጀምር ቀጣሪዋ እጇን አነሳች።

«ሻዩ ቀዘቀዘ» አለች።

«አልጨረስኩም እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ሥራ ልትጠይቂ ነው የምትሄጂው ወይስ ክስ ልትመሠርቺ?»

እህቴ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እኔ አልሳቅኩም። እውነት በአንድ ደቂቃ ካላለቀ ጥፋቱ የእኔ ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 11

በችኮላ። የቀጣሪዋ ምክር፣ እንዳልረሳው።

ከሰው ሁሉ ቀድሞ መድረስ። አጥብቄ የምፈልገውን ጠረጴዛ መጀመሪያ አለመሄድ፤ በማልፈልጋቸው አፍ ማፍታታት። መናገር ብቻ ሳይሆን መጠየቅ። ነፃ እስክሪብቶና ከረጢት ስለቅም አለመዋል። የተባባልነውን ካርዱ ጀርባ ላይ ወዲያው መጻፍ። ከሁለት ቀን በኋላ መደወል። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ጉርድ። «ለምን ወጣሽ?» ሲሉኝ «በራሴ ፈቃድ» ማለት።

የመጨረሻውን ሰረዝኩት። ሁለቴ።

እሑድ፣ የካቲት 13

ሲቪዬን የእህቴ ባል ሱቅ ውስጥ አተምኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሲያይ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው? የዓይን ሐኪም ወረቀት?»

«አዎ። ዓይኔ ቀለም እንደሚለይ የተመሰከረበት ነው። በተባረርኩ በማግስቱ ነው የተመረመርኩት።»

«ይሁን። ግን ሥራ ነው መንጃ ፈቃድ ነው የምታወጪው?»

ደንበኛ ስለገባ አልመለስኩለትም። ወረቀቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሰው ሳይጠይቀኝ በፊት መልሱ እጄ ላይ ይሁን።

ሐሙስ፣ የካቲት 17፣ ማታ

ግድግዳው ስስ ነው። ልሰማ ብዬ አልሰማሁም።

እህቴ፦ «ብቻዋን ስታወራ እሰማታለሁ። ከሰውየው ጋር ነው የምትከራከረው።»

ባሏ፦ «ሱቁ ስትገባ ይተዋታል። ሥራ ያለው ሰው ከግድግዳ ጋር አያወራም።»

እህቴ፦ «አንተ ደግሞ። እንደሚመስለኝ የጎዳት ሰውየው አይደለም። ዓይኗን ነው የተጠራጠረችው።»

ስህተት ነው። ከማንም ጋር አልተከራከርኩም፤ የአንድ ደቂቃዬን ነው የምለማመደው። ዓይኔንም አልተጠራጠርኩም። ነገ ይህንን በግልጽ እነግራታለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 18

አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ የካቲት 21

የእህቴን የክር ቆርቆሮ መስኮቱ ሥር ዘርግፌ ሰማያዊዎቹን ከጠቆረው እስከ ፈዛዛው ደረደርኳቸው። በተንኩና እንደገና ደረደርኳቸው። ያው ወጣ። አሁንም በተንኩ። ያው ወጣ። መልመጃ ነው፤ ጣትም ዓይንም ከሥራ ሲርቅ ይዝጋል።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። «ክር ፈለግሽ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። መርፌ እንኳ አልያዝኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 26

ከድሮ ፋብሪካዬ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደወለች። ያን ቀን ከጎኔ ተቀምጠው አንገታቸውን ከደፉት አንዷ ናት። እሱን ሁለታችንም አላነሳንም።

«አውደ ርዕዩ ላይ ሽቶው ራሱ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። «እዚያ ካለሽ ተዘጋጂ ብዬ ነው። ስምሽን ያነሳ ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ ነገረኛ ናት ይላል።»

«ለማን ነው የሚለው?»

«ለጠየቀው ሁሉ። ይኼ ሙያ ጠባብ ነው እኮ፣ እህቴ። ሁሉም ይተዋወቃል።»

ለዚህ ነው እንግዲህ ካመለከትኩባቸው ቦታዎች አንዱም መልሶ ያልደወለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክፍሉን ዞርኩት፣ ዞርኩት። ቁጣ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ጠረጴዛው ጋ አልሄድም ብያለሁ። ከሄድኩ ግን በሰው ፊት የምለውን አውቃለሁ። ቃል በቃል አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 30

የአንድ ደቂቃዬ አራት ደቂቃ ሆነ። ቀጣሪዋ ሰዓቷን ለማየት እንኳ አልደከመችም፤ መጽሔት እያገላበጠች ነው የሰማችኝ። «ጥሩ ነው» አለች፤ «ዳኛ ካጋጠመሽ።»

ምሳ አልበላልሽ አለኝ። ማታም።

ዓርብ፣ መጋቢት 2

እህቴ ጥቁር ኮቷን ተኩሳ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከእኔ ጥቁር ጉርድ ጋር እለብሰዋለሁ። ነገ ሳይነጋ መነሳት አለብኝ። ሲቪ አለ። እስክሪብቶ አለ። ጫማ ተወልውሏል። አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ አልመጣልሽ አለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3፣ ማታ

ከመጀመሪያው ልጀምር።

በጨለማ ተነስቼ የመኝታ ቤቱን አምፖል አበራሁና ለበስኩ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ኮቱን ከጉርዱ አስተያየሁት። ልክ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ። እህቴ በእንቅልፍ ዓይኗ «አምሮብሻል» አለችኝ። ወጣሁ። ቀድሜ ደረስኩ፤ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከዚያ ፀሐይ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ብቅ አለችና የያዝኩትን ወረቀት ላስተካክል ወደ ታች አየሁ።

ኮቱ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ነው። ጉርዱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው። ወገቤ ላይ ሁለቱ ተገናኝተው ድንበር ሠርተዋል።

ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ዙሪያዬን ስዞር አይታ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ቀለም።»

«እ?»

«ምንም፣ ምንም።»

ኮቱን እንዳላወልቅ ሸሚዜ ከሥር ያልተተኮሰ ነው፤ ሰው የሚያየው አንገቱን ብቻ ነው ብዬ ነው የተውኩት። ቤት እንዳልመለስ ሰልፉ መንገዱን ተሻግሯል። የቀለም ባለሙያ ነኝ ብዬ፣ ቀለም አይለይም የተባለውን ዓይኔን ልከራከርለት ሄጄ፣ ሁለት ቀለም ለብሼ ቆምኩ። ያንን የሰማ ሰው ምን ይላል? ሽቶው ምን ይላል? በሩ ሲከፈት የገባሁት በእግሬ አይደለም፤ የኋላው ሰው ገፍቶኝ ነው።

አዳራሹ ውስጥ መስኮት የለም፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት መብራቶች ቢጫ ናቸው። አፍ ለማፍታታት ኢንሹራንስ ጠረጴዛ ሄድኩ። አንድ ደቂቃ ብዬ የጀመርኩት ስብሰባው ጋ ሲደርስ ሰውየው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ቀጣዩን ጠራ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ከሦስቱ የጨርቅ ፋብሪካዎች ትልቁ ነበር። አንድ ጎረምሳ ሲቪዬን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ አየና «የዓይን ችግር አለብሽ እንዴ?» አለኝ።

«የለብኝም። ወረቀቱም እሱን ነው የሚለው።»

«ታዲያ ማን አለብሽ አለ?»

ጥግ ይዤ የዓይን ወረቀቶቹን ከሲቪዎቼ ላይ አንድ በአንድ ገነጣጥዬ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሽታው መጣ።

አልሄድም ያልኩት ጠረጴዛ ፊት ነበርኩ። እግሬ እንዴት እንዳመጣኝ አላውቅም፤ ወይም አውቃለሁ።

«እንዴ! የእኛዋ ባለ አምፖል!» አለ ሽቶው ከወንበሩ እየተነሳ። አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ቀና አሉ። «ሥራ ፍለጋ ነው? ጎበዝ፣ ጎበዝ። ሰው ተስፋ አይቆርጥም።» ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና ለሁለቱ ጠቀሳቸው። «ዛሬስ አምሮብሻል። ከላይ እስከ ታች አንድ ጥቁር! አያችሁ፣ ከእኛ ጋ ከወጣች በኋላ ቀለም ማዛመድ ተማረች።»

ሁለቱ ሳቁ።

ቃል በቃል የማውቀው ንግግር አፌ ላይ ነበር። ወደ ጣሪያው አየሁ፤ ቢጫ መብራት። ወደ ኮቴና ጉርዴ አየሁ። በዚያ መብራት ለእኔም አንድ ናቸው። ግን ውጭ ሁለት ናቸው። አይቻቸዋለሁ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ፀሐይ እንዳረፈችባቸው፣ እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ።

ሳቄ መጣ። ልገታው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለ።

«ምንም፣ ጋሼ። እንዲያው ዓይንዎን ይጠብቅልዎት።»

ምርቃት ነው ብሎ «አሜን» አለ። ጥዬው ሄድኩ። ያ ሁሉ ንግግር ሳይነገር ቀረ። አሁን ስጽፈው ይቆጨኛል፤ አንድ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ቆንጆ ነበሩ።

ሦስተኛዋ የጨርቅ ማቅለሚያ ትንሽ ናት። ጠረጴዛዋ ዕቃ በሚወርድበት በር አጠገብ ሲሆን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የተቀመጡት ሴትዮ የጥፍራቸው ዙሪያ ሰማያዊ ነበር፤ የማይለቅ የማቅለሚያ ሰማያዊ። ሰላም ከማለቴ፦

«ነይ እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ» አሉኝ። ቆምኩ። «ኮትሽና ጉርድሽ ተጣልተዋል።»

«አውቃለሁ። ሰልፉ ላይ ነው ያየሁት። በመኝታ ቤት አምፖል ለብሼ ነው የወጣሁት።»

«የቀለም ሰው ነኝ ትያለሽ፤ በአምፖል ትለብሻለሽ?»

«ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። ቀደምኳቸው፤ እንደዚህ ሆኜ።»

አልሳቁም። «አስታርቂያቸው ብልሽ?»

«ኮቱን አልነካውም። ጉርዱ ላይ ትንሽ ቀይ እጨምራለሁ፤ አረንጓዴውን እስኪያጠፋው። ከጥቁር ላይ መቀነስ ይከብዳል፣ መጨመር ይሻላል። ከዚያ በፀሐይም በአምፖልም አያቸዋለሁ።»

«ከፋብሪካሽ ለምን ወጣሽ?»

«ጨርቅ በኃላፊዬ ቢሮ መብራት ታይቶ አለፈ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሆነ። በእኔ ተሳበበ። የመብራት ሳጥኑ አምፖል ይቀየር ብዬ ነበር።»

ቀሪው እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። ያለቀ ነገር ነበር። ዝም ስል ደግሞ ፈራሁ፤ ቀጣሪዋ ‹ጠይቂ› ያለችኝ ትዝ አለኝና «እናንተ ጋ የመብራት ሳጥኑን አምፖል የሚቀይረው ማነው?» አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ» አሉ። ቀጥለውም፦ «እኔ ስረሳ ማንም አይቀይረውም።»

ሲቪዬን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ እንደ ሌሎቹ ሲቪ መሰብሰቢያው ሳጥን ውስጥ አልጣሉትም። ካርዳቸውን ሰጡኝ። በሩ ላይ ቆሜ ጀርባው ላይ ጻፍኩ፦ «አምፖል። ጉርድ። አልሳቁም።»

ልወጣ ስል ዞር አልኩ። ሽቶው በሁለት እጁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ይሄዳል። ተሳሳቁ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የድሮ ወዳጆች ናቸው።

እህቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። «እንዴት ነበር?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ በግቢው ብርሃን አየችኝና «ውይ» አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ደወልኩ። አይነሳም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

አይነሳም። ሻዩን እያሰብኩ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሲጠጣ ስንት ነገር ይነገራል? ለምን ሳቅሁበት? ዝም ብዬ ባልፍ ኖሮ ሻይ ይዞ ባልሄደ ነበር። ወይም ይሄድ ነበር። ሙያው ጠባብ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

አንድ ሰው አነሳ። «ወርክሾፕ ናቸው» አለኝ። ስሜን ነገርኩት፤ ማሽኑ እየጮኸ ነበርና የሰማኝ አልመሰለኝም። ቀጣሪዋ «ከዚህ በላይ አትደውዪ፤ ሥራ ፈላጊ ነሽ እንጂ ማንቂያ ደወል አይደለሽም» አለችኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

ካሸሩ ወንበር መጣ። የእህቴ ባል ሳሎን ውስጥ ፕላስቲኩን ቀደደለት። የሚሽከረከር ነው። «ተቀመጪበት እስቲ፣ ወገብሽን ያመቸው እንደሆነ እንይ» አለ፤ ፊቱ በራ። ሦስት ሱቅ ዞሮ ነው የመረጠው። ተቀመጥኩበት። ያመቻል። በጣም ያመቻል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ድምፄ እንዳይሰማ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ስልኩ የጮኸው ልብስ እያሰጣሁ ነው። ጣቴ በሳሙና ሙልጭልጭ እያለ ሁለቴ ሊያመልጠኝ ነበር።

«እነዚያ የተጣሉት ታረቁ?» አለኝ የሴትዮዋ ድምፅ።

«ገና ነው።»

«እሱን ሰውዬ ጠየቅኩት። ሽታው ከእሱ ቀድሞ የሚመጣውን። ብዙ ዘመን ነው የምንተዋወቀው። ተይ ይቅርብሽ፣ ነገረኛ ናት አለኝ።»

የልብስ ገመዱን ያዝኩ።

«በምን ነገር? አልኩት» አሉ። «አስቦ አስቦ ‹በአምፖል› አለኝ።»

ገመዱን ለቅቄ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አለሽ? ሰኞ ጠዋት ነይ። ሦስት ወር ሙከራ ነው። ኮትና ጉርድ አያስፈልግሽም፤ ጋውን አለን።»

ለእህቴ ስነግራት እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ራስን። የእህቴ ባል ቀዩን ክብ አየ፣ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። «ሰኞ?» አለ። «ሰኞ» አልኩት። ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አንዴ ዞረበት።

«በቃ ካሸሩም እኔ ነኝ፣ ባለቤቱም እኔ ነኝ» አለ። «ግን የስልክ ሽፋን ስንደረድር ሰማያዊውን ከሰማያዊ ማን ይለይልኛል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ጋሼ።»

«በነፃ ነው?»

«ወንበሩ ላይ ካስቀመጥከኝ።»

እሑድ፣ መጋቢት 11

ሙከራ ነው። ሦስት ወር ነው። ብሳሳትስ? የመብራት ሳጥናቸው ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ክሩን ግን አልደረደርኩም።

ሰኞ፣ መጋቢት 12

ገና ጨለማ ነው። ተነስቻለሁ። የምለብሰው ሸሚዝና ሱሪ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለቱም ግራጫ ይመስላሉ። እህቴ አምፖሉን ልታበራ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት።

«ታረፍጃለሽ እኮ!»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም መስኮቱን አየን። እግሬ ወለሉን ይመታል፣ ይመታል። ሰማዩ ሲነጣ ተነስታ መጋረጃውን እስከ ዳር ገለጠችው።

«አሁን ልበሺ» አለችኝ።